የምድርና የሰማይ ቀያሽ፤ አንትዋን ዳባዲ

ሐረር ከተማ፥ አቦከር ውስጥ ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ ወደ ሐኪም ተራራ የሚመለከት ሰው ተራራው ምን ያህል እንደሚርቅ ለማወቅ ቢፈልግ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ገመድ ይዞ እየለካ እስከ ተራራው መሄድ ነው። ሁለተኛው ግን ካለበት ብዙ ሳይርቅ የሚፈጽመው ነው። ይኸውም ርዝመቱ በሚገባ የታወቀ አንድ መሥመር ምድር ላይ ዘርግቶ፥ ከመሥመሩ ሁለት ጫፎች ተራራውን በመሣሪያ አነጣጥሮ፥ ያገኛቸውን ማዕዘኖች መዝግቦ ወደ ወረቀቱ መመለስ ነው። የቀረውን ሒሳብ ይሠራዋል። ይህ ለማንኛውም መሐንዲስ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ጋላክሲዎች እርስ በርሳቸው እየተራራቁ መሄዳቸውን፥ ሕዋም እየሰፋ መሆኑን የሚለኩበት ረጅም መሰላል የመጀመሪያ እርከኑ ይኸው የሜዳ ሥራ መሆኑን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

በኢትዮጵያ ምድር ይህን ሥራ በሰፊው ከሠራ በኋላ በዚያው ዘዴ ወደ ሰማይ የተሸጋገረ ሰው አንትዋን ቶምሶን ዳባዲ ነው። ስሙ ባገራችን የሚነሣው በአብዛኛው በሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍትና ባዘጋጀው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ምክንያት ነው። ቀያሽነቱ ግን ከሙያው ሰዎች ዘንድ እንኳ ተዘንግቶ ቀርቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ዳባዲ ጃንዋሪ 3 ቀን 1810 በአየርላንድ፥ በደብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ የባስክ ተወላጅ ፈረንሳዊ፥ እናቱ የአየርላንድ ሴት ነበሩ። ገና በልጅነቱ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረና ትምህርቱን እዚያ ፈጸመ። ቤተሰቡ ባለጸጋ ስለ ነበረ ለእንጀራ ሲል መሥራት አላስፈለገውም። ከወጣትነቱ ጀምሮ ያሰበው አፍሪካን መመርመር ነበርና ለዚህ ሲል ቋንቋ ተማረ፥ ሥነ ፈለክ አጠና፥ ሰውነቱንም ለረጅም የእግር መንገድ አለማመደ። ከዚያ በፊት ግን የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ስለ ምድር መግነጢስ እንዲመረምር ወደ ብራዚል ልኮት እ.ኤ.አ. በ1836 እና በ1837 ዓ.ም. እዚያ ሠርቷል።

ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ የደረሰው በፌብሩዋሪ 1838 ነው። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ሊቅ ቤሰል ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ኮከብ ርቀት መለካቱን አስታወቀ። የቤሰል ሥራ በአሳብ ደረጃ ከአቦከር ሰው ሥራ የተለየ አልነበረም። ልዩነቱ የመነሻ መሥመሩ ርዝመት ነው። ቤሰል የተጠቀመው ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትዞርበትን ጎዳና ነው፤ ምድር ከፀሐይ የምትርቀው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በዚህ ሁሉ መሥመር ላይ ተመሥርቶ ያገኘው ማዕዘን የአንድ ሴኮንድ ሲሶ ብቻ ነበር። ይህን ያህል ማዕዘን ማለት የአንድ ብር ሳንቲም በ18 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሲታይ የሚኖረው ስፋት ነው፤ ሐረማያ አጠገብ የተያዘን ሳንቲም ሐረር ሆኖ እንደ መለካት ይቈጠራል። ከዚህ ልኬታ ኮከቡ ከ10 የብርሃን ዓመት በላይ እንደሚርቅ ታወቀ። ዳባዲ ግን በዚያ ጊዜ ያሳሰበው ኮከብ ሳይሆን ተራራ ነበር።

አገሩ ዘመነ መሳፍንት ላይ ነበር። በጌምድር በራስ አሊ፥ ትግሬና ሰሜን በደጃዝማች ውቤ፥ ጎጃም በደጃዝማች ጎሹ እጅ ነበሩና ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው መሻገር አዲስ ፈቃድ፥ አዲስ ዋስ፥ አዲስ እጅ መንሻም ይጠይቅ ነበር። ዳባዲ ጎንደር ከደረሰ በኋላ የያዛቸው መሣሪያዎች ላሰበው ሥራ እንደማይበቁ ስለ ተገነዘበ፥ ወንድሙን አገር ውስጥ ትቶ የተሻሉ መሣሪያዎች ለማምጣት ወደ አውሮፓ ተመለሰ። ያን ሁሉ መንገድ ከመጡ በኋላ ባለው መሣሪያ የሚሆነውን ያህል ልሥራ ማለት ቀላል ነበር። እርሱ ግን ያንን አልመረጠም፤ የሰውየው ጠባይ ከዚህ ይጀምራል።

ሁለተኛው አመጣጡ እንደ መጀመሪያው የቀና አልሆነም። ከደጃዝማች ውቤ ጋር አልተስማማም፤ ዓይኑንም ታመመ። በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜውን በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ አሳለፈ፤ የሐረር ነጋዴዎች ቅፍለት ይወርድበት የነበረውን የበርበራን ወደብም አይቷል። ሐረርን ግን አላያትም። ወደዚያች ከተማ ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ሰንብቶ የወጣውና ታሪኩን ያሳተመው እንግሊዛዊው በርተን ሲሆን ይህም በ1855 ነው። ዳባዲ ወደ ጎንደር እንደ ገና የዘለቀው በ1842 ነበር። በከተማው የነበረው ወዳጅና አስተናጋጅ ታዋቂው ሊቅ አጽቁ ነበሩ። ከእርሳቸውና ከሌሎች የጎንደር ሊቃውንት ጋር በመዋል ግዕዙንና አማርኛውን አጠና፤ መጻሕፍትን አስገለበጠ፥ ገዛም። ወንድሙ አርኖ በበኩሉ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ወዳጅነት መሥርቶ እንደ አገሩ መኳንንት ጦር ሜዳ ይውል ነበር።

አሁን ወደ ልኬታው እንምጣ። ቀያሽ ሥራውን የሚጀምረው የመነሻ መሥመር በሰንሰለት በመለካት ነው። በዘመነ መሳፍንት ግን ሜዳ ላይ ሰንሰለት እየዘረጉ ለብዙ ቀን መሰንበት የሚሞከር አልነበረም። መሣሪያ ተክሎ ተራራ ለተራራ የሚያይ ባዕድ ጥርጣሬ ማስነሣቱም የማይቀር ነው። ዳባዲ ችግሩን የፈታው የመነሻ መሥመሩን ከሰማይ በመውሰድ ነው። የአንድ ቦታ ኬክሮስ ከዋክብት ከፍተኛው ቦታቸው ላይ ሲደርሱ ከአድማስ ያላቸውን ከፍታ በመለካት ይገኛል። አንድ ቦታ ከሌላው በአንድ የኬክሮስ ደቂቃ ቢበልጥ በሰሜንና በደቡብ አቅጣጫ ያለው ልዩነት 1,850 ሜትር ያህል መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ በሁለት ተራሮች ላይ ኬክሮስን ለክቶ፥ ከአንዱ ወደ ሌላው ያለውን አቅጣጫ በቴዎዶላይት የያዘ ሰው በመካከላቸው ያለውን ርቀት አንድም ሜትር በሰንሰለት ሳይለካ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ በየደረሰበት ከፍታ ላይ መሣሪያውን ተክሎ አድማሱን ዙሪያውን እየተመለከተ፥ የታየውን ጫፍ ሁሉ አቅጣጫና ከፍታ ይመዘግባል። አንድ ተራራ ከሦስትና ከአራት ቦታ ከታየ መሥመሮቹ በአንድ ነጥብ ላይ መገናኘት አለባቸው፤ ካልተገናኙ አንደኛው ስሕተት ነው። ይህን አሠራር ፈጣን ጂኦዴዚ ብሎ ሰየመው።

ኬንትሮሱ ከዚህ ይከብድ ነበር። በበቅሎ ላይ ተጭኖ ዳገትና ቁልቁለት የሚወጣና የሚወርድ ሰዓት ሊታመን አይችልም። ስለዚህ ጨረቃ አንድን ኮከብ የምትሸፍንበትን ቅጽበት እየጠበቀ፥ ያንኑ ቅጽበት በአውሮፓ ከተሰላው ሠንጠረዥ ጋር ያስተያይ ነበር። ለአንዲት እንዲህ ዓይነት ቅጽበት ሌሊቱን ሙሉ መጠበቅ፥ በመጨረሻም ደመና መጥቶ ድካሙን ሁሉ ከንቱ ማድረጉ የተለመደ ነው። የቦታዎችን ከፍታ ያገኘው ውሃ በማፍላት ነበር። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ ሐረርን በመሰለ ከፍታ ላይ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላልና፥ ጥሩ ቴርሞሜትር ለያዘ መንገደኛ ምንቸቱ የከፍታ መለኪያ ነው። ነጐድጓድን እንኳ አልተወም፤ በመብረቁና በድምፁ መካከል ያለውን ጊዜ እየቈጠረ ርቀቱን ይጽፍ ነበር፤ ስለ ኢትዮጵያ ነጐድጓድም በ1858 ራሱን የቻለ ጥናት አሳተመ።

በ1843 አባይን ተሻግሮ ወደ እናርያ ሄደ። የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ተቀበሉት፤ ለንጉሡ ሙሽራ ከካፋ ለማምጣት ከተላኩት ሰዎች ጋር ተቀላቅሎም እስከ ካፋ ዘለቀ። የሕይወቱ ትልቁ ክርክር የተነሣው ከዚህ ጉዞ ነው። በእነዚያው ዓመታት ጎጃምን የመረመረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ዳባዲ ካፋ ፈጽሞ አልደረሰም፥ ጉዞው ፈጠራ ነው ሲል ተነሣበት፤ በ1850 ይህንኑ የሚከስ መጽሐፍ አሳተመ። የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለዳባዲ ወንድማማቾች ሽልማቱን በሰጠ ጊዜ ቢክ ከዚያው ማኅበር ቀደም ሲል የተቀበለውን ሜዳልያ መለሰ። ለአንድ መንገደኛ ከዚህ የከፋ ክስ የለም፤ ምስክር ሊሆኑ የሚችሉት ሰዎች ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው የሚገኙ ናቸውና።

ዳባዲ በጥቅሉ የመረጠው መከላከያ ቁጥሮቹን ማሳተም ነበር። ሮዶልፍ ራዶ ከተባለ የሒሳብ ሰው ጋር ሆኖ ያንን ሁሉ የማዕዘን መዝገብ አንድ በአንድ እንደ ገና አሰላ። መጽሐፉ ከ1860 እስከ 1873 ከካርታዎቹ ጋር ታትሞ ወጣ። ትልቁ ቁም ነገር መደምደሚያውን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ንባብ ማውጣቱ ነው፤ ማንም ተጠራጣሪ እርሳሱን ይዞ ተቀምጦ ሊፈትነው ይችላል። ውሸት ለአንድ ማዕዘን ይበቃ ይሆናል፤ ከብዙ ቦታ ታይተው በአንድ ነጥብ ላይ ለሚገናኙ ብዙ መሥመሮች ግን አይበቃም። ካፋ መድረሱን ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎች ተቀብለውታል።

ሆኖም ቁጥሩ ትክክል የሆነ ሰው በትርጓሜው ሊሳሳት ይችላል። ዳባዲ ከኢትዮጵያ ተልእኮው እንደ ዋነኛ የቈጠረው የነጭ አባይን ምንጭ ማግኘትን ነበር። የግቤንና የኦሞን ውሃ የነጭ አባይ መነሻ አድርጎ ስለ ወሰደ በ1846 ከወንድሙ ጋር ወደ ግቤ ምንጭ ተመልሶ ሄዶ የአገሩን ባንዲራ ተከለ። የምንጩን ቦታ በሚገባ ለክቶታል፤ ስሕተቱ ውሃው ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ሳያይ መደምደሙ ነው። በ1862 ስፒክ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ አየ። በ1896 ደግሞ የቦቴጎ ጓዶች ኦሞን ተከትለው ቱርካና ሐይቅ መግባቱን አረጋገጡ። ዳባዲ ይህ ሲሆን በሕይወት ነበር። አሳቡን ለመተው ብዙ ዘመን መዘግየቱ ከሥራዎቹ ሁሉ ደካማው ጎን ነው ማለት ይቻላል።

ኢትዮጵያን የተሰናበተው በ1848 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመኑ በሁለት ተከፍሎ ይታያል። በአንድ በኩል የሰበሰባቸውን የኢትዮጵያ ብራናዎች 234 አድርጎ በ1859 ዝርዝራቸውን አሳተመ፤ ብራናዎቹ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላቱ ወጣ። በሌላ በኩል የሰማይ ልኬታው ነው። በ1851 ወደ ኖርዌይ፥ በ1860 ወደ ስፔን ሄዶ የፀሐይ ግርዶሽ ተመለከተ። በ1867 የሳይንስ አካዳሚ አባል፥ በ1892 ፕሬዚዳንት ሆነ።

ከእነዚህ ሁሉ ለያዝነው ጉዳይ የሚቀርበው በ1882 የተደረገው ጉዞ ነው። በዲሴምበር 6 ቀን ዝሁራ (ቬነስ) በፀሐይ ፊት ታልፍ ስለ ነበር የፈረንሳይ አካዳሚ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ቡድኖች ላከ፤ ወደ ሄይቲ የሄደውን የመራው የ72 ዓመቱ ዳባዲ ነበር። የዚህ ሁሉ ድካም ዓላማ በምድርና በፀሐይ መካከል ያለውን ርቀት ማግኘት ነው። በምድር ላይ ተራርቀው የቆሙ ተመልካቾች የዝሁራን ጥላ በፀሐይ ገጽ ላይ በተለያየ መሥመር ሲያልፍ ያዩታል፤ በተመልካቾቹ መካከል ያለው ርቀት የታወቀ ከሆነ የአቦከሩ ሒሳብ እንደ ገና ይሠራል። ይህ ርቀት ደግሞ ለቤሰልና ከእርሱ በኋላ ለመጡት ሁሉ የመነሻ መሥመር ነው። ምድር በሜትር ካልተለካች ፀሐይ አትለካም፤ ፀሐይ ካልተለካች ኮከብ አይለካም።

ከእርከን ወደ እርከን ሲወጣ የሚያስፈራው ስሕተት ነው። በ1 ኪሎ ሜትር መሥመር ላይ ተመሥርቶ ተራራው ጋ ያለው ማዕዘን 10 ዲግሪ ቢሆን ተራራው 5.7 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የአንድ ደቂቃ ስሕተት የሚያመጣው ልዩነት 10 ሜትር አይሞላም። ማዕዘኑ 1 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ግን ርቀቱ 57 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ያችው የአንድ ደቂቃ ስሕተት አሁን ወደ 1 ኪሎ ሜትር ትጠጋለች። ዳባዲ በእርጅናው ዘመን የተከታተለው ጠላት ይኸው ነበር። በባስክ አገር፥ አትላንቲክ ዳር በምትገኘው በአንዳይ ከ1864 እስከ 1879 ያሠራው አባዲያ የተባለው ግንብ ግማሹ መኖሪያ፥ ግማሹ የልኬታ መሣሪያ ነው። ንድፉን ከቪዮሌ ለ ዱክ ጋር የሠራው ዱቷ ነበር። በግድግዳዎቹ ላይ የኢትዮጵያ ኑሮ ተሥሏል፤ በምግብ ቤቱ ወንበሮች ላይ አንዳንድ የአማርኛ ፊደል ተቀርጾ፥ ወንበሮቹ ሲገጣጠሙ በማዕዱ ዙሪያ ከዳተኛ እንዳይኖር የሚለምን ቃል ይወጣል።

ግንቡ ሲሠራ በግድግዳዎቹ ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል በአንድ መሥመር የሚያልፉ ቀዳዳዎች እንዲተዉ አዞ ነበር። በእነዚህ ቀዳዳዎች በኩል ላ ሩን የተባለውን ተራራ በመነጽር እያየ አየሩ ብርሃኑን ምን ያህል እንደሚያጎብጠው ለመለካት አስቦ ነበር። ሙከራው አልሆነለትም። ቀዳዳውን በዝምታ አስደፍኖ ማለፍ ሲችል፥ እንዳላየና ምንም እንዳልተማረ የሚያምን አጭር የባስክኛ ጽሑፍ በቦታው አስቀረጸ። ካፋ አልደረስህም የተባለው ሰው ያልደረሰበትን ነገር በገዛ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጽፎ መተዉ ለዚያ ለቆየው ክስ ከመጽሐፉ የማያንስ መልስ ይመስላል።

ዳባዲና ባለቤቱ ቪርዢኒ ልጅ አልነበራቸውም። በ1895 ግንቡንና ርስቱን ለሳይንስ አካዳሚ ሲያወርሱ፥ በ50 ዓመት ውስጥ የ500,000 ከዋክብት ዝርዝር እንዲዘጋጅ ግዴታ አኖሩበት። ዳባዲ ማርች 19 ቀን 1897 ፓሪስ ሞተ፤ በግንቡ ጸሎት ቤት ሥርም ተቀበረ። በኑዛዜው መሠረት ሥራውን የያዙት ቀሳውስት ሌሊት ከሌሊት እያንዳንዱ ኮከብ የመነጽሩን ክር የሚያቋርጥበትን ጊዜ መዘገቡ፤ ልኬታቸውም የዘመኑ ታላቅ የሰማይ ፎቶግራፍ ካርታ ከሚመሠረትባቸው መነሻዎች አንዱ ሆነ።

ስለ ሕዋ መስፋፋት ዳባዲ የሚያውቀው አልነበረውም፤ ያልሠራውን ሠራ ማለት አይገባም። ከእርሱ በኋላ መሰላሉን የቀጠሉት ሌሎች ናቸው። አሜሪካዊቷ ሄንሪዬታ ሌቪት በ1912 ብርሃናቸው በየጊዜው የሚጨምርና የሚቀንስ፥ ሴፊድ የሚባሉ ከዋክብት ዙራቸው በረዘመ መጠን እውነተኛ ብርሃናቸው እንደሚበልጥ አረጋገጠች። (ሴፊድ የተባሉት በሴፊየስ ስም ነው፤ ሴፊየስ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ፥ የአንድሮሜዳም አባት ነው።) እውነተኛ ብርሃኑ የታወቀ ኮከብ ምን ያህል ደብዝዞ እንደሚታይ ከተለካ ርቀቱ ይገኛል፤ ፋኖስ ሲርቅ እንደሚደክመው ማለት ነው። ኤድዊን ሃብል በ1923 እንዲህ ያለ ኮከብ በአንድሮሜዳ ውስጥ ስላገኘ አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ መሆኗ ታወቀ። ፍጥነቱን የሚነግረን የብርሃን ቀለም ነው። የሚርቅ አካል ብርሃን ወደ ቀይ ያደላል፤ ለዚህ መሠረቱን ዶፕለር በ1842፥ ፊዞ ደግሞ ዳባዲ ኢትዮጵያን በለቀቀበት በ1848 ጥለውታል። ቤልጅጋዊው ቄስ ለሜትር በ1927፥ ሃብል በ1929 ርቀቱንና ፍጥነቱን ጐን ለጐን ሲያስቀምጡ፥ በእጥፍ የራቀው በእጥፍ ፍጥነት እንደሚሸሽ ተገኘ።

ሃብል ያወጣው ቁጥር ለእያንዳንዱ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት በሴኮንድ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ይህ እውነት ቢሆን የዓለማት ዕድሜ 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ይሆናል፤ መሬት ራሷ ከዚያ እንደምትበልጥ ግን ዐለቶቿ ይመሰክራሉ። ባዴ በ1952 እንዳሳየው ስሕተቱ ሁለት ዓይነት ሴፊዶችን እንደ አንድ መቍጠር ነበር። ፍጥነቶቹ በሚገባ ተለክተዋል፤ ሁለት ዓይነት ኮከብ በአንድ ስም መጠራቱ ግን የርቀቱን መለኪያ አዛባው። ሁለት ወንዞችን አንድ ያደረገው የግቤ ስሕተት የዚህ ዘመድ ነው። ዛሬ ቁጥሩ ወደ 70 ወርዷል፤ ያም ሆኖ በሴፊዶችና በሚፈነዱ ከዋክብት በኩል የሚለኩት 73፥ ከጥንታዊው የሕዋ ጨረር የሚነሡት 67 ያገኛሉ፤ ክርክሩም አልተዘጋም። በ2013 የተወነጨፈችው ጋያ የተባለች ሳተላይት ሥራዋን እስከ ጨረሰችበት እስከ 2025 ድረስ ወደ ሁለት ቢሊዮን የሚጠጉ ከዋክብትን ስትለካ የተጠቀመችው ግን ያንኑ የቤሰልን ማዕዘን ነው።

በአባዲያ ግንብ የከዋክብቱ ልኬታ እስከ 1975 ቀጥሎ ቆመ። ዳባዲ የአሥራት አቈጣጠር ወዳጅ ስለ ነበረ ክቡ በ360 ሳይሆን በ400 የተከፈለበት የሜሪድያን መነጽሩ አሁንም በቦታው ቆሞ ይታያል።